የዳኜ ሬዲዮ የጠራችው ልጅ

ነፋስ ስልክ ውስጥ የዳኜን ሬዲዮ የማያውቅ አልነበረም። ሬዲዮ ይበሏት እንጂ አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ የሸክላ ማጫወቻና የመብራት እንጨት ላይ የተሰቀሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ነበረች። ዳኜ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አገር ለቆ የሚሄድ አንድ ፈረንጅ ዕቃውን ሲያራግፍ የሮክ ሸክላዎቹን በሙሉ ሰጠው። ዳኜም ከሥራ በኋላ ያንን ጊታር ለሰፈሩ ይለቀዋል፤ በየመሀሉም "ውድ አድማጮቼ" እያለ ያወራል። ከዘፈኑ አንድ ቃል አይገባውም፤ ግን ምን ቸገረው! ጎረምሳው ይጨፍርለት ነበር።

ደርግ መጣና ቀበሌው መሣሪያውን ወረሰ፤ ባለቤቱንም አብሮ። ከዚያ ወዲያ የዳኜ ሥራ ማርሽ ማጫወትና ሰው ለስብሰባ መጥራት ሆነ። የፈረንጁን ሸክላ አምጣ ሲባል የተሰነጣጠቀውን አስረክቦ ደህና ደህናውን ጎረቤቱ እትዬ ፅጌረዳ አልጋ ሥር ደበቀ። እትዬ ፅጌረዳ ባላቸው ሞቶ ከአንድ ልጃቸው ከጌቱ ጋር የቀሩ ሴት ናቸው። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣና አፈሳው ሲበረታ ጌቱን ኮርኒስ ላይ አወጡት።

"ከበላዬ ልጄን፣ ከበታቼ ሸክላህን ደብቄ እንቅልፍ ከየት ይምጣ!" ይሉት ነበር ዳኜን።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር መኩሪያ ዳኜን አስጠራው።

"ጓድ ዳኜ፣ ወጣቱ ተሰላችቷል። እሁድ አዳራሹ ውስጥ የድሮ ሙዚቃህን ትከፍታለህ።"

"የፈረንጁን?"

"እሱኑ። ደህና ደህናውን እንዳስቀረህ አውቃለሁ፤ አልጠይቅህም። አንተው በድምፅህ ጥራቸው፤ አንተን ያምናሉ።"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ዳኜ በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። ስንት ዓመት የናፈቀውን ጣቢያ መልሰው ሲሰጡት ለምን ብሎ ይጠይቅ? እትዬ ፅጌረዳ ሸክላዎቹን ሲያወጡለት ፊቱን አዩት።

"ዳኜ፣ ይሄ ነገር ደህና ነው?"

"እንዴ እትዬ! እኔ እያለሁ?"

ወይ አንተ ሰው! ምን ነበር "አላውቅም" ብትላቸው!

እሁድ ድምፁ በሰፈሩ አስተጋባ። "ውድ አድማጮቼ፣ ጣቢያችን ተመልሷል፤ ኑ!" ጎረምሳው ከየተደበቀበት ወጣ። ጌቱም ከፀጉሩ ላይ አቧራ እያራገፈ መጥቶ ከማጫወቻው አጠገብ ቆመና የሚወደውን ሸክላ መረጠ። ሸክላው እየተጫወተ ሳለ በሩ ተዘጋ። ወታደሮች በጓሮ በኩል ገቡ።

"ሙዚቃው እንዳይቋረጥ!" አለ መኩሪያ፣ ሽጉጡን እየነካካ። ጩኸቱ ውጭ እንዳይሰማ ነው።

ዳኜ ሸክላ ገለበጠ። ፈራ፤ በቃ፣ ፈራ። ጌቱ እየተገፋ በአጠገቡ ሲያልፍ "ጋሼ ዳኜ፣ ለእማዬ ንገርልኝ" አለው። እናቶች ውጭ ሆነው ልጆቻችን እየጨፈሩ ነው ብለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮውን ሊያስጠግን የሚመጣ ጠፋ። ዳኜም ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ ድምፅ ማጉያውን ተወ። የተራገመው ብዙ ነው፤ እትዬ ፅጌረዳ ግን አልረገሙትም። ውስጡን የበላው ይሄ ነው።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ወታደሩ በእግሩ እየተንጠባጠበ ተመለሰ። በዚያ እሁድ ከጌቱ ጋር የታፈሰው የጎረቤታቸው የዋቅጅራ ልጅ በአንድ እግሩም ቢሆን ገባ። ጌቱ ግን የለም፤ አየሁት የሚልም የለም። ቀበሌው ባለቤት አጥቶ ተከፍቶ ስለነበር ዳኜ መሣሪያውን ወደ ሱቁ መለሰ፤ ሊከፍተው ግን ድፍረቱን ከየት ያምጣ! ያኔ ነው እትዬ ፅጌረዳ የመጡት።

"ዳኜ፣ ጥራው።"

"ማንን እትዬ?"

"ልጄን ነዋ። ባንተ ድምፅ አይደል ከኮርኒስ የወረደው? ባንተው ድምፅ ይመለስ።"

ዳኜ መሣሪያውን ከፈተ። አፉ ለምዶበት "ውድ አድማ..." ብሎ ጀመረና አፍሮ ተወው።

"ጌቱ" አለ፤ "ጌቱ፣ ና ግባ። እናትህ እየጠበቁህ ነው።"

እትዬ ፅጌረዳ አንገታቸውን ወደ መንገዱ አስግገው ቆዩ።

"አልሰማ ይሆናል፤ ከፍ አድርገው" አሉት።