አባቴ የደፈነው መስኮት

ውሃ የተረጨበት አዲስ ብሎኬት በሸተተኝ ቁጥር አዳማ ያለው ግቢያችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። አባቴ ከቢሮ ተመልሶ፣ ኮቱን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በባልዲ ውሃ እያመላለሰ አዲሱን ግድግዳ ሲያጠጣ እኔም የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ጣሳ ይዤ ከኋላ ከኋላው እከተለው ነበር። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ደመወዙ ስለማይበቃን ከዋናው ቤት ጀርባ ሦስት ክፍሎች ሠርቶ ያከራይ ነበር። በሰፈራችን ቤት ማከራየት ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያማክረው እሱን ነበር። «ተያዥ ሳትቀበል ቁልፍ አትስጥ፤ ውሉን በጽሑፍ አድርገው፤ የግቢው በር የሚዘጋበትን ሰዓት አስቀድመህ ንገራቸው» እያለ ሲመክር አጠገቡ ቁጭ ብዬ በኩራት እሰማው ነበር።

ሦስተኛዋን ክፍል የተከራየችው ከደራ የመጣች ሐሊማ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ዕድሜዋ ቢበዛ ሃያ አራት ቢሆን ነው። የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ በብርሃኑ ስትሰፋ ውላ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስታየኝ «ነይ እስቲ፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል፣ ክር አስገቢልኝ» ትለኝ ነበር። ዓይኗ ምንም እንዳልሆነና እኔን ለማስደሰት ብላ እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እናቴ ከተከራይ ጋር መቀራረብ አትወድም ነበር፤ ሐሊማን ግን ብቻዋን ስትበላ ማየት አልሆነላትም፤ ቤት ያፈራውን ሁሉ በእኔ እጅ ትልክላት ነበር።

በጋው ሲገባ አባቴ አራተኛ ክፍል ጀመረ። ሌላ ቦታ ስላልነበረው ከሐሊማ ክፍል ጋር አጣብቆ ሠራውና መስኮቷን በብሎኬት ደፈነው። የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ውስጡ አላስቀምጥ ስለሚላት መኪናዋን ወደ ደጃፉ ስባ፣ በሩን በርግዳ፣ አቧራውን ከጨርቁ ላይ እያራገፈች ትሰፋ ጀመር። ሰኔ መዳረሻ ላይ አባቴን ግቢው በር ጋ ጠብቃ «ጋሼ፣ በጀርባ በኩል ትንሽ መስኮት ቢያወጡልኝ? አየር አጣሁ እኮ» ስትለው ሰምቻለሁ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። «እሺ ልጄ፣ ክረምቱ ይውጣና አወጣልሻለሁ፤ አሁን ግድግዳውን ብነካው ዝናብ ያስገባብሻል» አላት። እሷም «እሺ ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ነሐሴ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ይበዛባት ነበር። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ የምትተኩሰው በከሰል ካውያ ነበር። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ዶፉ ሲወርድ እኔ ደጃፏ ላይ ቆሜ ነበር፤ ነፋሱ ዝናቡን ወደ ውስጥ እየገፋ የተኮሰቻቸውን ነጫጭ ሸሚዞች ሊያበሰብስባት ሆነ። ከጎኗ ማንደጃው ላይ ከሰሉ ፍም ሆኗል። «ሂጂ ወደ እናትሽ፣ ዝናብ እንዳይመታሽ፤ በሩን ጥብቅ አድርገሽ ዝጊልኝ» አለችኝ። የብረቱን በር በሁለት እጄ ይዤ፣ ግጥም እስኪል ስቤ ዘጋሁትና እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

ዝናቡ ሲያባራ እናቴ «ሐሊማን ጥሪያት፣ በቆሎው በስሏል» ብላ ላከችኝ። ባንኳኳ መልስ የለም። በሩን ስከፍተው የታመቀው ሙቀት ፊቴን መታኝ። ሐሊማ ከታጠፉት ሸሚዞች አጠገብ መሬት ላይ በጎኗ ተኝታለች። እንቅልፍ የጣላት መስሎኝ እጇን እየነቀነቅሁ «ተነሺ፣ በቆሎ ደርሷል» አልኳት፤ ደጋግሜም አልኳት። ከዚያ መጮኼን አስታውሳለሁ፤ አባቴ በባዶ እግሩ መጥቶ አቅፏት ሲወጣ፣ ጎረቤት ባጃጅ ሲያስቆም፣ እናቴ ጭቃው ላይ ቁጭ ስትል አስታውሳለሁ። ሐኪም ቤት ስትደርስ ሕይወቷ አልፎ ነበር፤ የከሰሉ ጭስ አፍኗት ነው አሉ።

በማግስቱ አባቷ አስከሬኗን ሊወስዱ ከደራ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር ይቀላቀል ነበር። የኖረችበትን ክፍል ልይ ብለው ገቡና ግድግዳውን በዓይናቸው ዞሩት።

«መስኮቱ የቱ ጋ ነው?» አሉ።

አባቴም እጁን አንሥቶ ብሎኬት የተደረደረበትን ቦታ አሳያቸው። ሽማግሌው ቀረብ ብለው፣ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆዩና «እንግዲህ የአላህ ሥራ ነው» ብለው ወጡ። ቢሰድቡት፣ ቢከሱት ይሻለው ነበር። አባቴ እዚያው ቆሞ ቀረ።

መስከረም ሲጠባ መዶሻ ይዞ አራተኛውን ክፍል ራሱ አፈረሰው፤ ለሦስቱም ክፍሎች ትልልቅ መስኮት አወጣላቸው። ከዚያ በኋላ ምክር ፍለጋ ለመጣ ሰው ስለ ተያዥም ስለ ውልም አያነሣም ነበር፤ «መስኮት አውጡ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ሰዎቹም በትሕትና ሰምተውት፣ ከግቢው ሲወጡ «ሰውየውን ነክቶታል» ይባባሉና ሄደው እንዳሰቡት ይሠሩ ነበር። እኔ ደግሞ በሩን የዘጋሁት እኔ መሆኔን አልነገርኩትም። ዛሬ ነገ ስል፣ ጥፋቱን ሁሉ ለብቻው ተሸክሞ ሞተ።

አሁን ግቢውን የሚያከራየው ወንድሜ ነው። ያኔ ሦስት ደጃፍ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ዘጠኝ በር ተደርድሯል፤ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ፣ ከበሩ በቀር ቀዳዳ የሌላቸው ክፍሎች ናቸው። ባለፈው ክረምት ስሄድ «መስኮትስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አንቺ ደግሞ! አሁን ማን ከሰል ያነዳል? ሁሉም የኤሌክትሪክ ምድጃ አለው» አለኝ።

ያን ቀን መብራት አልነበረም። ስወጣ ስሟን የማላውቃት አንዲት ተከራይ ደጃፏ ላይ ጎንበስ ብላ ማንደጃ ታራግብ ነበር፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ወንድሜም አየ፣ እኔም አየሁ፤ ሁለታችንም ሰላም ብለናት አለፍን። አባቴ ያን መስኮት ሲደፍን የሚያደርገውን አያውቅም ነበር። እኛ ግን እናውቃለን።