ወንዝ ዳር የቀረው ዱላ

አባየን ሳስብ ወንዛችን ዳር ቆመው ነው የሚታዩኝ። ደጋው ላይ ሲዘንብ ዱላቸውን ውሃው ውስጥ ይተክላሉ። ውሃው አንድ ጣት እስኪጨምር የፈጀውን ጊዜ፣ ጥላቸው ስንት ጫማ እንዳጠረ ለክተው፣ ሙላቱ መቼ እንደሚደርስ ይናገራሉ። ተሳስተው አያውቁም።

“ለእኔም ያሳዩኝ” ስላቸው፣ “እኔ እያለሁ ምን ቸገረሽ?” ብለው ይስቁ ነበር። ለወንድሞቼ ግን አሳዩ፤ እነሱ ቡሬ ከተማ ገቡ። አባየ፣ እርስዎም ሄዱ። ነፍስዎን ይማር እላለሁ፤ ግን ከድተውኛል አባየ።

ዛሬ ልጄ ፈተና አለባት። “እማየ፣ ልሻገር?” አለችኝ። ዱላዎን ተከልኩ፤ ውሃው አንድ ጣት ጨመረ። ጥላዬንም ለካሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ስሌት ስለማላውቅ፣ እንዳትሻገር እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ከማዶ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ።