ተራዬ ላይ የተመታሁ ቀን

ልጁ የሰጠኝን ደብተር የከፈትኳት እሱ ከሄደ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ይኼን ሳስብ አሁንም እበግናለሁ፤ በራሴ ነው የምበግነው።

ልጁ ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ትምህርት ዘጠነኛ ላይ አቁሜያለሁ። እሁድ ከሰዓት እሱ፣ እኔና አንዲት አብራው የምትማር ልጅ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ እየጣልን በወሬ ብቻ ጭራቅ የሚገደልበት ጨዋታ እንጫወት ነበር። ታሪኩን የሚያወራውም ጭራቆቹን የሚያንቀሳቅሰውም እሱ ነው። ልጅቷ ቁስለኛ የምታድን ሆና ትጫወታለች፣ እኔ ጋሻ የያዘ ተዋጊ። ጉልበቱን ወረቀት ላይ እየመዘገብኩ ዓመት ሙሉ ያሳደግኩት ሰውዬ!

መጀመሪያ ሰሞን "ውጊያው ሕግ አለው" ብሎ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሰጠኝ። ሁለት ቀን አቆየሁትና "አንብቤዋለሁ" ብዬ መለስኩለት። ውሸቴን ነው። ገብቶታል መሰለኝ። በሳምንቱ አንዲት ቀጭን ደብተር ይዞ መጣ።

"ሕጎቹን ባጭሩ ጽፌልሃለሁ። ጉዱማሌ ፓርክ ጋ ተሳፋሪ ስትጠብቅ እያት።"

በአማርኛ! መሃይም መሰልኩት እንዴ? ባጃጁ ወንበር ስር ወረወርኳት።

የመጨረሻ የተጫወትን ቀን፣ በጨዋታው አንድ ግዙፍ ጭራቅ ፊቴ ቆሟል። ልጅቷ ከኋላዬ ወድቃ ልትሞት ነው።

"ጭራቁን ትቼ ወደሷ እሮጣለሁ" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። ዳይሱን በእጁ ይዞ ጠበቀኝ።

"ሮጥኩ አልኩህ እኮ!"

ዳይሱን ጣለ። "ዞር ስትል ጀርባህን መታህ። ወደቅክ።"

"ተራው የኔ አይደለም እንዴ? እንዴት ይመታኛል?"

"ሕጉ ነው ወንድሜ፣ ከጠላት አጠገብ ዝም ብለህ ከሸሸህ…"

"የምን ሕግ? ጭራቁም ያንተ፣ ሕጉም ያንተ! አጭበርባሪ!"

"ኧረ ተረጋጋ፣ ጨዋታ እኮ ነው" አለች ልጅቷ።

"አንቺ ሞተሻል፣ ዝም በይ!"

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ዛሬ ሳስበው እኔም ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን ባለመማሬ የሳቁብኝ መሰለኝ። "የተማራችሁ ስለሆናችሁ ነው ሙድ የምትይዙብኝ!" ብዬ የተዋጊዬን ወረቀት ቀዳድጄ ወጣሁ።

ሁለቴ በሬን አንኳኳ፣ አልከፈትኩም። ተመርቆ ሊሄድ ሻንጣውን ይዞ ግቢው በር ላይ ሲቆም ባጃጄ ውስጥ ያለ ተሳፋሪ ተቀምጬ ነበር።

"መናኸሪያ ታደርሰኛለህ?"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

ባዶ ባጃጅ ይዤ! አየኝና ሻንጣውን አንስቶ በእግሩ ወደ አስፋልቱ ሄደ።

በቀደም ባጃጁን ላጥብ ወንበሩን ሳነሳ ደብተሯን አገኘኋት። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ "አጠገብህ ካለ ጠላት ዝም ብለህ ከሸሸህ፣ ተራው ባይሆንም አንዴ ይመታሃል። እንዳይመታህ 'ተጠንቅቄ እርቃለሁ' በል። በዚያ ዙር አንተም መምታት አትችልም፣ ግን በሰላም ትወጣለህ።" ከስሩ በቀይ እስክሪብቶ፦ "ይቺን እንዳትረሳት፣ አንተ ችኩል ነህ።"

"እርግጠኛ ነህ?" ሲለኝ ይቺን እንዳስታውስ እየጠበቀኝ ነበር። ያነበብኳት መስሎታል።

ደወልኩለት፤ ቁጥሩ አይሠራም። ልጅቷ የት እንደገባች አላውቅም። ተሳፋሪ ሲጠፋ ደብተሯን አወጣለሁ። አሁን ሕጉን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የሚያጫውተኝ ሰው ነው የሌለው።