የቀድሞ አለቃዬ የተራ ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ቢቸና ውስጥ ነው። የሰሙ ሰዎች መልካም ሠራሽ ይሉኛል። እኔ የሆነውን ብቻ እናገራለሁ። የአለቃዬን ስም አልጠራም፤ ሞጣ ያሉት ያውቁታል።

ወጣት ሳለሁ ሞጣ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት እሠራ ነበር። ከአራስ ቤት ስወጣ ልጄን የሚይዝልኝ ስላጣሁ አዝያት ገባሁ። አለቃችን በሠራተኛው ፊት፣ "አንቺ፣ ልትሠሪ ነው የመጣሽው ጡት ልታጠቢ? ወይ ልጅሽን ወይ ሥራሽን!" አለኝ። የሳቁም ነበሩ። መጥረጊያውን አስቀምጬ ወጣሁ። ልጄን በሰው ቤት ልብስ እያጠብኩ አሳደግኳት።

አሁን ቢቸና በአንድ መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ነኝ። ክፍሉን የሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ደመወዜን ወረዳው ይከፍላል፤ ወተትና ሳሙና ወላጆች ያዋጣሉ። ከየቤቱ ደግሞ አንድ የቤተሰብ ሰው ተራ እየገባ አብሮኝ ይውላል። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ሕፃን ታቅፎ ገባ። እሱ ነው። አላወቀኝም።

"እትዬ፣ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ከሞጣ ወደዚህ ተዛውራ ነው። የቤት ሠራተኛዋ ጥላን ሄደች። እርስዎ ካልተቀበሉን ልጄ ሥራዋን መልቀቋ ነው።"

"ሞጣ ሳሉ የሚያጠቡ እናቶችን ምን ይሏቸው ነበር?" አልኩት።

ፊቴን ደግሞ አየው። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ውጣ ልለው ነበር። ግን እናቲቱ ከኋላው በሩ ላይ ቆማለች። ወተቷ ፈስሶ ሸሚዟን አርጥቦታል። ያን ቀን ከሞጣው መሥሪያ ቤት ስወጣ የእኔም ቀሚስ እንዲሁ ነበር።

ሕፃኗን ተቀበልኩ። "ተራዋን ማን ይገባል?" ስል ጠየቅኩ።

"ሰው ቀጥሬ ልላክ" አለ።

"ቅጥር አንቀበልም። እርስዎ ጡረታ ላይ አይደሉ?"

ማክሰኞ መጣ። ሕፃኗን በአንቀልባ ጀርባው ላይ አሰርኩለት። ሠራተኞቹ በመስኮት እያዩ፣ "ጋሼ፣ መቼ ተገላገሉ?" ይሉታል። እሽሩሩ ማለት እንኳ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ከሰዓት በኋላ፣ "እትዬ፣ ያኔ እኮ..." ብሎ ጀመረ።

"ጨርቋን ይቀይሩላት፣ ረጥቧል" አልኩት።

የጀመረውን እስካሁን አልጨረሰም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ከተራው ግን አንድም ቀን አልቀረም። ሲመጣ አንቀልባውን አጥብቄ የማስርለት እኔው ነኝ። ሕፃኗ እንዳትወድቅ ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።