ዳገት ላይ ሰላምታ

ኮልፌ ገበያ ጎን ለጎን የምንነግድ ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔ ጫማ፣ ጎረቤቴ ፍራሽ። እሁድ እሁድ ከአስኮ በላይ ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ በተራራ ሳይክል እንወጣለን። አንድ እሁድ ዳገቱን ሳንጨርስ እግሩ ቀድሞ መሬት የነካ፣ ሳምንቱን ሙሉ የገበያው መሳቂያ እንዲሆን ተወራረድን።

ቀጥ ያለ ዳገት ዋጋውን ቁርጥ አድርጎ ይነግርሃል። ይኼኛው ግን እንደ ብልጥ ደላላ "ትንሽ ጨምር፣ ትንሽ ጨምር" እያለ ነው ባዶ የሚያስቀርህ። መሐል ላይ ትንፋሼ አለቀ። ጎረቤቴ ከፊቴ እያፏጨ ይወጣል።

"ውረድ እንጂ፣ እዚህ ማን ያይሃል!" አለኝ ዞር ሳይል።

ይኼኔ ጋቢ የለበሱ አዛውንት በትራቸውን ይዘው ቁልቁል መጡ። ጎረቤቴ አንገቱን ብቻ ነቅነቅ አድርጎላቸው አለፈ። እኔ ግን ታላቅ ሰውን ኮርቻ ላይ ተቀምጬ ሰላም ማለት አልሆነልኝም፤ ወርጄ እጅ ነሳሁ። እውነቱን ለመናገር ሳንባዬም ሐሳቡን ደግፏል።

"እንደምን አደሩ አባባ?"

"እግዜር ይመስገን ልጄ። የዚያ የጓደኛህ ሳይክል ፍሬን የለውም እንዴ?"

ጎረቤቴ ጫፉ ላይ "ተበላህ!" እያለ ጠበቀኝ። ሽማግሌው ያሉትን ስነግረው ፉጨቱ ቆመ። ስንመለስ ታች ደረስንባቸው። ጎረቤቴ ከሩቅ ፍሬን ይዞ ወረደና ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

"አሠራኸው?" አሉት።

በውርርዳችን መሠረት የዚያ ሳምንት መሳቂያ እኔ ነበርኩ። "ፍሬንህ እንዴት ነው?" የሚባለው ግን እስከ ዛሬ እሱ ነው።