ደላላው በዲዋን፣ እኅቷ በጓዳ

አንድ መስኮት ሥርዓት ነው፣ ብዙ መስኮት ዝርክርክነት ነው የሚባለው ውሸት ነው። የማወራው በኮምፒውተር መልእክት ስለምንጻጻፍባቸው ፕሮግራሞች ነው። አዲሱ ዓይነት ሰዎችህን ሁሉ በአንድ መስኮት በግራ በኩል ደርድሮ የነካኸውን አንዱን ብቻ ያሳይሃል። አሮጌው ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ትንሽ መስኮት ይከፍትለታል። ባለሙያዎቹ አዲሱን ያመሰግናሉ፣ እኔ አሮጌውን። ምክንያቴን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ካለው የአንዲት የወሎ ሴት ሱቅ ነው።

ከሱዳን ጦር መምሪያ ደጃፍ ለተቃውሞ ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ በጥይት ከተበተነ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የስልክ ኢንተርኔት በመላ ሀገሩ ተዘግቶ ነበር። የሚሠራው በሽቦ የሚገባው መስመር ብቻ ሆነ። ሴትዮዋ ፎቶ ኮፒ የምታነሳበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ መስመርና ጥቂት ያረጁ ኮምፒውተሮች ነበሯት፤ ሱቋ ሳታስበው የሐበሻ ሁሉ ፖስታ ቤት ሆነ። ሐጃ ይሏታል፤ መካን ግን ያየችው ግድግዳዋ ላይ በተሰቀለው ሥዕል ብቻ ነው። እኔ የምኖረው እዚያው ፎቅ ላይ ስለነበር በየጠዋቱ እወርዳለሁ። ጽሑፍ ልልክ ነው እላለሁ፤ የምወርደው ግን ወሬ ልሰማ ነው።

ሐጃ ሱቅ ከመክፈቷ በፊት ለረጅም ዘመን በሰው ቤት ሠርታለች። የሱዳን ቤት እንግዳ መቀበያው፣ ዲዋን የሚሉት፣ በቀጥታ ወደ መንገድ የሚከፈት የራሱ በር አለው። እንግዳው በዚያ ገብቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ በዚያው ይወጣል፤ ጓዳውን አያይም፣ በጓዳ የሚወራውንም አይሰማም። እንዲህ ያለ ቤት ስትጠርግ ለኖረች ሴት የመስኮትን ጥቅም ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የሱቁ ሕግ አንድ ነበር፦ የማታምኚው በግራ፣ የሥጋ ዘመድሽ በቀኝ፣ መሐላቸው ባዶ ቦታ። ደንበኞቿ አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ስለሆኑ ወዲያው ይገባቸው ነበር። "ማዳም ዲዋን ትቀመጥ፣ እማዬ ጓዳ ትግባ" እያሉ መስኮቶቹን በማውስ ይጎትታሉ። ሐጃ ደግሞ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ኋላ ሆና በየመሐሉ አንድ ጥያቄ ትወረውራለች፦ "የማን ክፍል ውስጥ ነሽ?" ጠያቂዋ ቀና እንኳ አትልም። የተጠየቀው ግን መላኩን ትቶ ስክሪኑን እንደገና ያያል። እኔንም ትጠይቀኝ ነበር፤ ከደብዳቤዎቼ መካከል አንዳንዶቹን ያሻሻለው ይህ ጥያቄ ነው።

አሮጌው ዓይነት ጉድለት የለውም አልልም። ሶባ በቀን ሥራ የሚውል አንድ ጎረምሳ መስኮት በመስኮት ላይ ሲደርብ እጮኛውን ከአሠሪው ሥር ቀብሯት፣ ግማሽ ቀን ሙሉ "ጠላችኝ" ብሎ አኩርፎ ተቀምጧል።

ኮምፒውተሮቹን የሚጠግንላት መሐንዲስ፣ እንደ እኔው ሸምገል ያለ ሐበሻ፣ በዚህ ሁሉ ያፍር ነበር።

"ሐጃ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው። ዓለም ወደ አንድ መስኮት ሄዷል።"

"ይሂዳ። ማዓ ሰላማ፣ በሰላም ይግባ በልልኝ።"

"ሁሉንም ሰው አንድ ቦታ ታገኚዋለሽ ነው የምልሽ።"

"ሁሉንም ሰው አንድ ቦታ የማገኘው ለቅሶ ቤት ነው።"

እሱ ግን በር አጠገብ ያለውን አንዱን ኮምፒውተር ለሙከራ ብሎ ወደ አዲሱ ለወጠው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጀሪፍ በሰው ቤት የምትሠራ ወጣት ሴት ገባች። መንገዱ በድንጋይና በተቃጠለ ጎማ ስለተዘጋ ሃፍላ የሚሉት አውቶቡስ የለም፤ በእግሯ ነው የመጣችው።

"ሐጃ፣ እኅቴን ሊያሻግራት ነው።"

"ማን?"

"ደላላው። መተማ አድርሷታል።"

"አንቺው አይደለሽ የጠራሻት?"

"የጠራኋት ሰላም እያለ ነው። አሁን ማዳም ራሷ ካይሮ ልትሄድ ሻንጣ እያሰረች ነው። ለማን ልትሠራ ትመጣለች?"

ነገሩ ይህ ነበር፦ እኅቷ ከመተማ ወደ ጎንደር በሚመለስ መኪና ማምለጥ አለባት፤ ደላላው ግን ማወቅ የለበትም። ከጠረጠረ ስልኳን ቀምቶ ያንኑ ዕለት ያሻግራታል። ደውላ እንዳትነግራት ልጅቷ ያለችው እሱ ቤት ነው፤ ድምፅ ያጋልጣል። ስለዚህ ለእኅቷ "ውጪ"፣ ለእሱ ደግሞ "አምጣት" ብላ በአንድ ጊዜ መጻፍ ነበረባት።

ክፍት የነበረው በር አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ብቻ ነው። ለእኅቷ "ብቻሽን ነሽ?" ብላ ጻፈች። "ብቻዬን ነኝ፣ እሱ ግቢ ነው" የሚል መልስ መጣ። ወዲያው ደላላው ብቅ አለ፦ "ዛሬ ማታ ላሻግራት?" ስሙን ነካችው፤ የእኅቷ ጽሑፍ ጠፍቶ የሱ በቦታው ተተካ። "ኢንሻአላህ፣ አምጣት" አለችው። ከዚያ በዚያው ትንፋሽ፣ በዚያው ሳጥን ውስጥ፣ "ሳሙና ልገዛ ብለሽ ውጪና የጎንደሩን መኪና ያዢ፣ ለሱ ትንፍሽ እንዳትዪ" ብላ ጻፈች። ጣቷ ወደ ኢንተር ሄደ።

"የማን ክፍል ውስጥ ነሽ?" አለች ሐጃ።

ወጣቷ ቀና ብላ አየች። ከላይ ያለው የደላላው ስም ነበር።

"ያ ረቢ" አለች ቀስ ብላ፤ እጇንም ከቁልፉ ላይ አንስታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

መሐንዲሱ ማተሚያ ፈትቶ እዚያው ተቀምጧል። "ከላይ እኮ ስሙ ተጽፏል" አለ።

"ስሙማ በሩ ላይ ተጽፏል። ሰውዬው ግን አልጋህ ላይ ነው" አለችው ሐጃ።

እኔ አሮጌው ዓይነት ካለበት ኮምፒውተር ተነስቼ ለቀቅኩላት። ደላላውን በግራ ጥግ አስቀመጠችው፣ እኅቷን በቀኝ አደረገቻት፣ መሐላቸውን አስፍታ ባዶ ተወችው። መልእክቱን በቀኝ ላከች። ከዚያ መጠበቅ ሆነ፤ ሐጃ እንኳ ማሽኗን አጥፍታ መጥታ ከኋላዋ ቆመች።

በቀኝ በኩል "ተሳፈርኩ" የሚል ቃል ወጣ። ገና አንብበን ሳንጨርስ በግራ በኩል ደላላው ጻፈ፦ "እኅትሽ እዚሁ አጠገቤ ናት፣ አታስቢ።"

ወጣቷ ሁለቱን እያፈራረቀች አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እውነቱና ውሸቱ በአንድ ስንዝር ልዩነት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። በአዲሱ ዓይነት ቢሆን አንዱን ስታነብ ሌላው ቀይ ነጥብ ሆኖ ይጠብቃት ነበር። እሷም አልቸኮለችም። መኪናው ቀጣዩን ከተማ ገንዳ ውሃን እስኪያልፍ ድረስ በግራ በኩል "አደራ፣ በደንብ ያዝልኝ" እያለች ስታመሰግነው ቆየች።

"ይሄ የተለየ ጉዳይ ነው" አለ መሐንዲሱ፤ ማተሚያውን መልሶ እየገጠመ።

ያልተለየ ጉዳይ ያለው ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ሁላችንም የምንሸነግለው አንድ ሰው፣ የማንሸነግለውም አንድ ሰው አለን፤ ሁለቱን በአንድ ወንበር ተራ በተራ የሚያስቀምጥ ቤት ማንም አይሠራም። ባለፈው የእኔ ፕሮግራም ሳይጠይቀኝ ራሱን አደሰና መስኮቶቼን ሁሉ ጨፍልቆ አንድ አደረጋቸው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ፕሮግራም የምትሠራ ከሆንክ፣ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው የሚከፍተውን ቁልፍ አትንቀለው። ነቅለኸው ከሆነ መልሰው።