የማማ ሮዳ አስታማሚ

ባለፈው ወር እህቴ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በኦፕራሲዮን ወለደች። ዘመድ ኮሪደሩን ሞላው። ነርሷ ብቅ ብላ «የወላዷ አስታማሚ ማን ነው?» ስትል አክስቶቼ፣ የእህቴ አማት፣ ጎረቤት ሳይቀር ባንድ ድምፅ «እኔ!» አሉ፤ ሊጣሉም ምንም አልቀራቸው። ዘበኛው ግማሹን አስወጣ፤ እኔን ደግሞ ከሁሉ በፊት። የአጥሚት ፔርሙስ ታቅፌ በር ላይ ቆሜ ስስቅ፣ ሳቄ መሃል ላይ ተቋረጠ። ጁባ ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቃ መልስ ያጣች አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ሙኑኪ በሚባል የጁባ ሰፈር ውስጥ ሳሙና፣ ዱቄት፣ ዘይትና ጀሪካን የምሸጥበት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። ቀጥላ ያለችው የሐሊማ ምግብ ቤት ናት። ሐሊማ የኮምቦልቻ ልጅ ነች፤ ወጧ ጥሩ፣ ምላሷ ከወጧ የሚያቃጥል። ከሐሊማ በር አጠገብ ደግሞ ማማ ሮዳ ከሰል ትሸጥ ነበር።

ማማ ሮዳ ለደቡብ ሱዳን ነፃነት የተዋጋች የቀድሞ ታጋይ ናት። በልጅነቷ ጠመንጃ አንስታ የሰለጠነችው እኛው አገር ካምፕ ውስጥ ስለነበር አማርኛ ትችላለች፤ ግን የሰፈር አማርኛ አይደለም፣ የማሰልጠኛ ነው። «ተነስ»፣ «ተሰለፍ»፣ «ጓድ» ስትል ሌላ ናት፤ «እንደምን አደርክ» ላይ ስትደርስ ትደናቀፋለች። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ብላት ተቆጣችኝ።

«ጓድ ከጓድ አንቱ አይባባልም። አንቱ የሚባለው ሆዱ የወጣ ኮሎኔል ነው።»

ጎሳዋን አልጽፍም። በዚያ ዘመን ጁባ ውስጥ ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ገድሏልና ዛሬም አፌ አይለምደውም። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት፣ ታኅሣሥ ላይ ተኩስ ሲከፈት እኛ ሀበሾች ሱቃችንን ዘግተን ከዱቄት ጆንያ ጀርባ ስንጋደም፣ እሷ ወንበሯን አውጥታ የመንገዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። ሊዘርፉ የመጡ ወጣቶች ፊቷ ቆሙ። በቋንቋቸው አንድ ነገር አለቻቸው። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ «ማሌሽ ማማ» ብለው ይቅርታ እየጠየቁ ዞረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ኮማንደር ይላት ጀመር።

ነጋዴ ከሐኪም ቀጥሎ የሰው ገበና ያውቃል። ሳይጠይቅ ነው የሚያውቀው፤ የሚገዙት ዕቃ ይነግረዋል። ማማ ሮዳ ብቻዋን እየኖረች የትልቅ ቤተሰብ ሳሙና ትገዛ ነበር። ውራጅ የጥጥ ጨርቅ ሲመጣ ከሁሉ ቀድማ ትመርጣለች። ሚኒባስ አትሳፈርም፣ ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ አትፈናጠጥም፤ የትም ብትሄድ በእግሯ ነው። ከሰው ጋር ስትቆም ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይታ ነው ቦታዋን የምትመርጠው፣ ልክ እንደ አዳኝ። አየሁ፤ አየሁና ዓይኔን መለስኩ። ያሳደጉኝ እንደዚያ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ አባርቶ የሙኑኪ ጭቃ አቧራ በሆነ ሰሞን ራዲዮ አንድ ወሬ አመጣ። በወሊድ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን ሴቶች በነፃ የሚያክሙ ሐኪሞች ከውጭ አገር መጥተዋል፤ ብዙ አይቆዩም። እኛ ፌስቱላ የምንለው ነው። አምና ሊመጡ ነበር አሉ፤ ጦርነቱ አስቀራቸው።

ማማ ሮዳ ሱቄ ገባች። ስኳር የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ። መደርደሪያውን እያየች፣ ዕቃ እንደሚጠይቅ ሰው፣ በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦

«ጓድ ጀማል፣ ያ በሽታ የእኔ ነው።»

ሴቶቹ አማርኛ አያውቁም። የመረጠችው ቋንቋዬን እንጂ እኔን እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

«ጫካ ነው የወለድኩት» አለች። «አውሮፕላን ከላይ፣ እኛ ዛፍ ሥር። ምጡ አላልቅ አለ። ልጁ ሞተ፣ እኔ እንዲህ ሆንኩ። ባልሽ የት አለ ሲሉኝ ተሰዋ እላለሁ። አልተሰዋም። ሸተትሽኝ ብሎ ነው የሄደው።»

«ለታጋዮች ተብሎ የተከፈተ ክሊኒክ አለ አይደል እንዴ?»

«ሄጃለሁ። ጸሐፊው የት ግንባር ቆሰልሽ አለኝ። ስወልድ ነው አልኩት። ይሄ ቁስል አይደለም፣ የቤት ጉዳይ ነው አለኝ። እግሬ ውስጥ ጥይት አለ፤ እሱን ባሳያቸው ደስ ይላቸዋል። ይሄኛው ግን ማፊ።» ማፊ በጁባ አረብኛ የለም ማለት ነው። ያገሩን ግማሽ ነገር በዚህች ቃል መግለጽ ይቻላል።

በማግስቱ ሐኪሞቹ ወዳሉበት ሆስፒታል አብረን ሄድን፣ በእግር፣ በቡሉክ ሰፈር በኩል ዞረን። አቧራው ቅንድባችን ላይ ተኝቷል። እሷ እንደ ልማዷ ነፋሱን አይታ ነው የምትራመደው። አንድ ሚኒባስ ሰው አጭቆ ሲያልፈን ቆማ አየችው።

«ከዳንኩ መሃል ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው» አለች። «ሰው ግራና ቀኝ ተጨናንቆ። ክርን ለክርን።»

ነርሷ ከምርመራው በኋላ ብቅ አለች። «ትድናለች» አለችኝ። እኔ ፈገግ ከማለቴ ጥያቄው መጣ። «አስታማሚዋ ማን ነው? ኦፕራሲዮን ሆና ስትወጣ ቱቦ ተደርጎላት ትተኛለች። ውሃ የሚቀዳ፣ የሚያበስል፣ የሚያጥብላት ሰው ያስፈልጋታል። እኛ ሠራተኛ የለንም። አስታማሚ ከሌላት አናስተኛም።»

«እኔ አለሁ።»

«ወንድ ሴቶች ክፍል አይገባም።» ወደ ማማ ሮዳ ዞረች። «ለመሆኑ እሱ ምንሽ ነው?»

«ሳሙና ሻጬ» አለች ማማ ሮዳ።

ስንመለስ ቀስ ብዬ ነገሩን አነሳሁት። «ሐሊማን ልጠይቃት?»

«ሐሊማ? የሐሊማ አፍ ያለ ባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ነው!»

«የሰፈሩ የታጋይ ሚስቶችስ? ሁሉም ያከብሩሻል።»

«ሲጣሉ የሚዳኙት እኔ ጋ ነው። ነገ ዞር ብለው አፍንጫቸውን እየያዙ ልዳኛቸው?» ቆመች። «በወንዙ ቁልቁል፣ አገር ቤት፣ እህት አለችኝ። እሷ ታውቃለች፣ እሷ ትመጣለች። አንተ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ይሄ ትእዛዝ ነው።»

«እሺ፣ ጓድ» አልኩ።

እህቷን በስልክ በሰው በሰው አስጠራናት። መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቷል፤ የቀረው ጀልባ ነው። አንዴ ነዳጅ የለም አሉ፣ አንዴ ወታደር ለራሱ ጭነት ወሰደው አሉ። ወደብ እየወረድኩ የደረቀ ዓሣ ከሚያራግፉ ሰዎች ወሬ እለቅም ነበር። እዚያ ሆስፒታል በር ላይ ደግሞ ሌሎቹ ሴቶች ምንጣፍ ከተሸከሙ እናቶቻቸው ጋር ይገባሉ። እሷ ከሰሏ ፊት ተቀምጣ ትጠብቃለች።

እህቷ በመጨረሻ ደረሰች፤ ረጅም ሴት ናት፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ ትከሻዋ ላይ፣ የሰሊጥ ከረጢት በእጇ፣ ለማስታመም ተሰናድታ። ሐኪሞቹ ግን መሣሪያቸውን ጠቅልለው ሄደዋል። ነርሷ «በሚመጣው ዓመት፣ ከመጡ» ብላ ሸኘቻቸው።

ሐሊማ ያን ቀን እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሱቄ ገባች።

«አንተ ጄሞ፣ ሐኪሞቹ ሄዱ አሉ?»

«የምን ሐኪሞች?»

«ተወኝ እባክህ! ምስጢር ያዝኩ ብለህ ሆድህን ነፋኸው። አፍንጫ የለኝም? አጠገቤ አይደል የምትውለው? ሽንኩርቱን ጠዋት ማታ ደጅ አውጥቼ በሷ በኩል የምጠብሰው ለምን ይመስልሃል?»

ደንበኛ ለመጥራት ይመስለኝ ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?»

«ምን ብዬ? ሸተትሽኝ ልበላት? ያቺን ሴት? እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ወላሂ፣ ቤቴን ዘግቼ አልጋዋ ሥር እተኛላት ነበር» አለች፤ የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ነገሩ ከሐሊማም አላቆመም። ውሃ በጋሪ የሚያዞረው ሰውዬ ሁልጊዜ ከሁሉ በፊት የሷ በር ላይ ይቆም የነበረው አውቆ ነው። የታጋይ ሚስቶቹም ጸባቸውን ቤቷ ገብተው ሳይሆን ኒም ዛፉ ሥር፣ ነፋስ ላይ ይዳኙ የነበረው ሙቀት ፈርተው አይደለም። ሁሉም ያውቃል፤ እያንዳንዱ ግን ብቻዬን ነኝ የማውቀው ይላል።

ማንጎ በየግቢው መርገፍ ሲጀምር ሁለቱ እህትማማቾች ወደ ወንዙ ወረዱ። ማማ ሮዳ ወደ አገሯ ልትመለስ ነው። ሐሊማ ዳቦና እንቁላል ቋጥራ ተከተለች፤ ወደቡ ላይ ጥምጥም ብላ አቀፈቻት። ማማ ሮዳ ልትሸሽ ሞከረች። ሐሊማ አልለቅ አለች።

«አውቃለሁ» አለቻት። «ከድሮ ጀምሮ አውቃለሁ፣ እህቴ።»

ማማ ሮዳ እሷን አየች፣ ቀጥላ እኔን።

«ታዲያ ምን ትጠብቁ ነበር?» አለችን። «ትእዛዝ?»

 ጀልባው ተነሳ።

ትዳን አትዳን አላውቅም። ሐሊማ አሁንም እዚያው ናት፤ ስንደዋወል ስለ ዱቄት ዋጋ፣ ስለ ልጆች እናወራለን፣ ወደዚያ ስንጠጋ ግን «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ብለን እንዘጋለን። እኔም ጺሜ መሸበት ጀምሮ ሳለ አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ አለሁ። በዚያ መንደር ማንም አልጨከነባትም። ሁላችንም በደግነት፣ በአክብሮት ነው አፋችንን የዘጋነው። አንድ ያልተገራ ሰው ተነስቶ ፊት ለፊት ቢናገራት ኖሮ ትሰድበው ነበር፣ ምናልባትም በጥፊ ታጮለው ነበር፣ አልቅሳም ታድር ይሆናል፤ በማግስቱ ግን ሐሊማን አስከትላ ሆስፒታል ትገባ ነበር። ጁባ ገበያ ውስጥ በኖርኩበት ዘመን ስንቱን ባለጌ አሳልፌአለሁ። በሚያስፈልግበት ሰሞን አንድ እንኳ ጠፋ።